ወንፈል ለገብስ ነው

ሰው ሩጫ የሚያየው ከመጨረሻው ነው። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ነው ብርጭቆውን አስቀምጦ አንገቱን የሚያሰግገው፣ “በለው! በለው!” የሚለው። እኔ ግን ደወል ሲደወል ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ላይ አነሣለሁ። እኔ የማየው ሰው እስከዚያ አይቆይም። ሁለት ዙር ወይም ትንሽ አለፍ አድርጎ ከፊት ከፊት ሲሮጥ የነበረው ሰው፣ ማንም ሳይነካው፣ ከመሙ ወጥቶ ወደ ሣሩ ይገባል። ካሜራው አይከተለውም። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ሌሎቹ እሱ በከፈተላቸው መንገድ ሲሄዱ ቆሞ ያያል። አሯሯጭ ይባላል። እኔም አሯሯጭ ነበርኩ።

ጋሸና ላይ፣ መንገዱ ወደ ላሊበላ በሚታጠፍበት፣ የጭነት መኪና ሹፌሮች የሚበሉበት አንድ ምግብ ቤት አለ። እንግዳ ልቀበል ወይም ልሸኝ ስወርድ መኪና የምጠብቀው እዚያ ነው። በታሪክ ታላላቅ የተባሉ የመካከለኛ ርቀት ውድድሮችን እየደጋገመ የሚያሳይ የቴሌቪዥን ዝግጅት አለ፤ ሹፌሮቹም ሁልጊዜ ይጣሉበታል። አንዱ ታላቁ ስምንት መቶው ነው ይላል፣ ሌላው ሺህ አምስት መቶው፤ ጠረጴዛ ይደበደባል፣ ሚጥሚጣ ይደፋል። አንድም ቀን ግን “ማን መራለት?” ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። እነሱ እንኳን፣ ከፊት የሚሄድ ተሳቢ ነፋሱን ሲሰብርላቸው ነዳጅ እንደሚቆጥቡ የሚያውቁት ሰዎች!

እኔ ከሁሉም የማከብረው ውድድር አንድ ነው፤ ያ የኦሎምፒክ የስምንት መቶ ሜትር ፍጻሜ። ያሸነፈው ረጅም ሰው ሽጉጡ ከተተኮሰ ጀምሮ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ከፊቱ ሰው አልነበረም። ነፋሱን በገዛ ደረቱ እየሰበረ ሄደ። ከኋላው የተከተሉትም ከሞላ ጎደል ሁሉም በዕድሜያቸው ሮጠውት የማያውቁትን ሮጡ፤ የመጨረሻው እንኳ በሌላ ቀን ቢሆን ያሸንፍ ነበር ይባላል። ያንን ሳይ ሁልጊዜ የምለው ነገር አለ። ያ ሰው የማንም ወንፈል የለበትም እላለሁ። ሹፌሮቹ ያኔ ዞር ብለው ያዩኛል፤ “የምን ወንፈል?” ይላሉ። እኔም እጀምራለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ጀምሬያለሁ መሰላችሁ።

የላስታ ሰው ወንፈልን አስረዱኝ አይልም። ለሌላው ግን ልናገር። ደቦ ሌላ ነው፤ ደቦ ጠርተህ፣ አብልተህ፣ አጠጥተህ፣ አመስግነህ ትሸኛለህ፣ በቃ። ወንፈል ጉልበት በጉልበት ነው። ዛሬ አንተ የእኔን ገብስ ታጭዳለህ፣ ነገ እኔ ያንተን። አይጻፍም፣ አይፈረምም፣ ዋስ አይጠራበትም። ሰውየው ቢታመም ልጁ ይመጣል፤ ልጅ ባይኖረው ወንድሙ ይመጣል። ወንፈል ከሰውየው ጋር አይደለም፣ ከቤቱ ጋር ነው። ወንፈል የበላ፣ ጉልበት ወስዶ ያልመለሰ ቤት ደግሞ ማንም አይከሰውም፣ ማንም በር ላይ ቆሞ አይሰድበውም። የሚቀጥለው መኸር ሲደርስ ገብሱ ቆሞ ይረግፋል፤ ማጭድ ይዞ የሚመጣ የለም።

ጓደኛዬ የኩልመስክ ገበሬ ልጅ ነበር፤ እኔ ከአሸተን ማርያም ተራራ ግርጌ ካለ መንደር። የተገናኘነው የአትሌቲክስ ክለብ ውስጥ ነው፣ ሁለታችንም ሺህ አምስት መቶ ሯጮች ሆነን። በመኝታ ቤቱ ከላስታ ወገን የመጣን እኛ ብቻ ስለነበርን አልጋችን ጎን ለጎን ሆነ። እሱ ሳቂታ ነው፣ ሰው ይወደዋል። እኔ ድሮም ኩርፍ ኩርፍ የምል ነኝ፤ እናቴ “ይኼ ልጅ ሲወለድም ፊቱን አጥቁሮ ነው የመጣው” ትል ነበር። የምንለማመድበት ሜዳ ከከተማው ውጭ ገላጣ ቦታ ላይ ስለነበር ነፋሱ ያለ ርኅራኄ ይመታል። አንድ ቀን ዙሩን ጨርሰን ጉልበታችንን ይዘን ስንተነፍስ፣ “ስማ፣ ለምን ወንፈል አንገባም?” አለኝ። “አንዱን ዙር አንተ ምራ፣ አንዱን እኔ።” ቃሉን ያነሣው እሱ ነው። ይህን ሳልናገር ያለፍኩበት ቀን የለም፤ ቃሉን ያነሣው እሱ ነው።

እንዲህ እየተለዋወጥን ከረምን። የሌላ አገር ልጆች ሳቁብን፤ “ገበሬዎቹ መጡ፣ ማጭዳችሁን ይዛችኋል?” ይሉናል። አሠልጣኙ ግን ወደደው። እኛም ወደድነው። እሱ ፊት ሲሆን ጀርባው ላይ ዓይኔን ተክዬ ሳላስብ እሮጣለሁ፤ እኔ ፊት ስሆን የእሱን ትንፋሽ ከኋላዬ እሰማለሁ። በዚያ ሜዳ ላይ ከአገሬ ያልተለየሁ መሰለኝ።

ሩጫ ለማያውቅ ሰው ይህንን ልበል። በሺህ አምስት መቶ ከፊት መሄድ የሚፈልግ የለም። ከፊት የሄደ ነፋሱን ይበላል፣ ሌላው እያረፈ ይከተለዋል። ስለዚህ ሁሉም ይፈራራል፣ ዙሩ ይቀዘቅዛል፤ መጨረሻ ላይ እንደ ወንጭፍ የሚስፈነጠር እግር ያለው ይወስደዋል። ጓደኛዬ ያ እግር ነበረው። እኔ የለኝም። እኔ የምችለው ከመጀመሪያው ጀምሮ ጠንክሮ የሚሄድ ዙር ነው፤ እንደዚያ ያለ ሩጫ ከሆነ ማንም በቀላሉ አይለየኝም። እሱ ደግሞ እግር ቢኖረውም የጎደለው ነገር ነበረ። ለብሔራዊ ቡድን ለመጠራት የሚፈለገውን ሰዓት፣ እኛ ሚኒማ የምንለውን፣ አላገኘም። በቀዘቀዘ ዙር አሸንፎ ሚኒማ አይገኝም።

አዲስ አበባ ላይ ውድድር ሲደርስ፣ በዋዜማው ጫማዬን እያሰርኩ፣ “ነገ እኔ ልምራልህ” አልኩት። “በሚቀጥለው አንተ ትመራልኛለህ።” እጄን ጨበጠኝ። “ወንፈል ነው” አለኝ። ሌላ ምን ልፈልግ? አባቴ በእጅ መጨባበጥ እንኳ ሳይሆን ከሩቅ “ነገ ና!” ብሎ ማሳ ሙሉ ሲያሳጭድ እያየሁ አይደለም ወይ ያደግሁት።

መራሁለት። ከሽጉጡ ጀምሮ አንድም ጊዜ ዞር ሳልል መራሁለት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም፤ ይህን የሚመሰክርልኝ ሰዓት የለም፣ ምክንያቱም አልጨረስኩም። ሦስተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል ደረቴ ተቃጠለ፣ እግሬ ብረት ሆነ፣ ወጣሁ። ሣሩ ላይ በእንብርክኬ ሆኜ በአጠገቤ ሲያልፍ አየሁት፤ ፊቱ ላይ ድካም አልነበረም። አሸነፈ፣ ሚኒማውን አገኘ፣ ተጠራ። አቅፎኝ አለቀሰ። “ወንድሜ፣ ያንተን አልረሳም” አለኝ። እኔም አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ተራው የእኔ ሆነ። በክለቡ ቦታ ያላገኘ የሚሰናበትበት ዓመት ነበርና ያ ውድድር ለእኔ የመጨረሻው ዕድል ነበር። ይህን ጓደኛዬ ከእኔ እኩል ያውቃል። አዲስ ስፓይክ ተጫምቶ፣ አዲስ ቱታ ለብሶ መጣ፤ የውጭ ወኪል ሊያየው መጥቷል ተብሎ ሲወራ ሰምቻለሁ። በመነሻው መስመር ላይ ጠቀስኩት፤ ራሱን ነቀነቀልኝ። ሽጉጡ ተተኮሰ። ቦታ ለቀቅሁለት፣ እንዲያልፈኝ፣ ፊት እንዲሆን። አላለፈኝም።

ዙሩ እንደተጠበቀው ቀዘቀዘ። “ለምን ራስህ አልመራህም?” ይሉኛል ሹፌሮቹ፤ እውነታቸውን ነው። የከተማ ልጅ ቢሆን፣ የአርሲ ልጅ ቢሆን፣ ነገሩ እንደተበላሸ አይቶ ራሱ ይወጣ ነበር። እኔ ግን የወንፈል አገር ሰው ነኝና ጠበቅሁ። ጠዋት ገብስህ ደርሶ፣ ጤዛው ረግፎ፣ መንገዱን ቁልቁል እያየህ “መጣ፣ አሁን ይመጣል” እንደምትለው ነው። ወንፈል ያለበት ሰው ሊዘገይ ይችላል እንጂ አይቀርም። አንደኛው ዙር ላይ ይመጣል አልኩ። ሁለተኛው ላይ ይመጣል አልኩ። ከዚያ ደወሉ ተደወለ፣ እሱም መጣ። በጎኔ አለፈኝ፣ ሌሎቹም ተከትለውት አለፉኝ። እሱ አንደኛ ሲሆን እኔ ከኋላ ከቀሩት ጋር ነበርኩ።

ከሜዳው ስንወጣ ደረስኩበት። “ወንፈሌስ?” አልኩት።

“የምን ወንፈል?”

“የመራሁልህ።”

በመጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም። ከዚያ ሳቀ፤ ያንን ሰው የሚወድለትን ሳቅ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ “አንተ ደግሞ! ወንፈል እኮ ለገብስ ነው። ይኼ ሩጫ ነው” አለኝ።

ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም የበላው። ኩልመስክ ቢሆን ኖሮ አይበላውም ነበር፤ የሚያይ ዓይን አለ፣ የሚቀጥለው መኸር አለ። አዲስ አበባ ላይ ግን ያ መም ጎረቤት የለውም። የሮጠው ይሮጥና ሁሉም በየአውቶቡሱ ይበተናል። የሚያፍርበት ሰው ስላጣ በላው። ይህን ሳውቅ ንዴቴ ቀለለ ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ባሰ።

ክለቡ አሰናበተኝ። ለጥቂት ዓመታት የሌሎች አሯሯጭ ሆኜ ሠራሁ፤ የታወቅሁበት ያ አንድ ቀን ነበርና “ጥሩ ይመራል” ተባልኩ። ሰዎች ጥሩ ይመራል ሲሉህ ደኅና አድርገው ቀበሩህ ማለት ነው። ከዚያ ጅማቴ ታመመ፣ ወደ አገሬ ተመለስኩ። አሁን የአባቴን ማሳ አርሳለሁ፤ እንግዳ ሲገኝ ደግሞ ወደ አሸተን ማርያም ይዤ እወጣለሁ። ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳው እየሳሳ ሄደ እንጂ ሥራው ያው ነው፤ ከፊት ከፊት መሄድ። እኔ እመራለሁ፣ እነሱ ጫፍ ላይ ደርሰው ፎቶ ይነሣሉ።

አንድ ጊዜ አንድ ሸምገል ያለ ፈረንጅ ዳገቱ ላይ ሲያርፍ ሯጭ እንደነበርኩ ነገርኩት። ደስ አለውና በስልኩ አንድ የጥንት ጥቁርና ነጭ ፊልም አሳየኝ። አንድ ማይልን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአራት ደቂቃ በታች የሮጠውን ሰው ነው፤ የፈረንጁ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ቦታ ነው። ሁለት ጓደኞቹ ከፊቱ ናቸው፤ መጀመሪያ አንዱ ይመራል፣ ከዚያ ሌላው ይቀበላል፣ ከዚያ እሱ ብቻውን ይወጣና መስመሩ ላይ ሰው ክንድ ላይ ይወድቃል። “ከዚያ በኋላ እሱስ መራላቸው?” ብዬ ጠየቅሁት። ሰውየው ጥያቄው አልገባውም። በሌላ አነጋገር ደገምኩለት፤ አሁንም አልገባውም። “ምን ያደርግለታል? ታሪክ እኮ ተሠርቷል!” አለኝ እየሳቀ። ውኃውን ልይዝለት ተቀብዬ ቀድሜው መንገዴን ቀጠልኩ።

ጓደኛዬ ትልቅ ሰው ሆነ። ውጭ አገር አሸነፈ፣ በቴሌቪዥን ተሞገሰ፤ ከሩጫዎቹ አንዱ በዚያ ጋሸና ላይ በማየው ዝግጅት ከታላላቆቹ ተርታ ገባ። አንድ ዓመት ለገና ወደ ላሊበላ ሲመጣ መንገድ ላይ ምስሉ ያለበት ጨርቅ ተዘረጋለት። በሕዝቡ መሐል አየኝና ጥቁር መነጽሩን አውልቆ አቀፈኝ። “ይኼ ወንድሜ ነው! አብረን ነው የሮጥነው!” አለ ጮክ ብሎ። ሕዝቡ አጨበጨበልኝ። ጥርሴን አሳየሁ፣ ምን ላድርግ። እቤት ገብቼ ምግብ አልበላ ስል ባለቤቴ፣ “አንተ ሰው፣ ከዚያ ሜዳ መቼ ነው የምትወጣው?” አለችኝ። “ሳልጨርስ አውጥተውኝ እንዴት ልውጣ” አልኳት። ይህን መልስ ከአንድ ጊዜ በላይ ሰምታዋለች።

ባለፈው ጥቅምት ለበግ ግዢ ኩልመስክ ገበያ ወረድኩ። ከሻጩ ጋር ዋጋ ስንነጋገር፣ የጓደኛዬ ሀብትና ደግነት ተነሣ። ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ሰጠ፣ ለአባቱ ቤት ሠራ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ይውለድ አሉ። አልቻልኩም። “እናንተ ታመሰግናላችሁ” አልኩ ገበያው እየሰማ፣ “እኔ ግን አውቃለሁ፤ ያ ቤት ወንፈል የበላ ቤት ነው።” በጉን የያዘው ሰውዬ ገመዱን ለቀቀ። በዚያ አገር ሌባ ከማለት ይህ ይከፋል። አንድ ሽማግሌ “ልጄ፣ አፍህን ሰብስብ” አሉኝ። አልሰበሰብኩም፤ ከሽጉጡ ጀምሮ እስከ ‘ለገብስ ነው’ ድረስ ነገርኳቸው። በጉን ሳልገዛ ተመለስኩ፤ ልቤ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ቅልል ብሎት ነበር።

ገብሴ የደረሰው ኅዳር ላይ ነው። ጎረቤቶቼ በወንፈል ተሰብስበው ማጭድ ስንስል፣ ከታች በመንገዱ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ሲመጡ አየን። ምርኩዝ በአንድ እጅ፣ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር በብብት። ሲቀርቡ አወቅኋቸው። የጓደኛዬ አባት ናቸው። አንድ ጊዜ ክለብ ሳለን መጥተው ጭኮ ሰጥተውን ነበር፤ ያኔ ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ፣ አሁን ጎብጠዋል።

“እንደምን አደርክ ልጄ።”

“እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አደሩ አባባ።”

“ገብስህ ደርሷል አሉኝ።”

“ደርሷል።”

“እንግዲያ ቁመን ምን እናወራለን” አሉና ጆንያውን ፈቱት። ማጭድ ነው፤ ጥርሱ እንደ አዲስ ተስሏል።

“ከኩልመስክ ድረስ ምነው ደከሙ አባባ? ምን ሁነው ነው?”

“የልጄን ወንፈል ልመልስ ነው የመጣሁ።”

ጎረቤቶቼ መሳላቸውን አቆሙ። “እርስዎ ላይ ምንም የለኝም” አልኩ።

“ወንፈል ከቤት ጋር ነው። ገበያ ላይ ‘ወንፈል የበላ ቤት’ ብለሃል። ቤቱ የኔ ነው፤ እሱ አዲስ አበባ ነው ያለ።” ቁጣ የላቸውም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የሚናገሩት። “ሩጫውን አየሁት። የልጅ ልጄ በስልክ አሳየኝ። አንተ ከፊት ነህ፣ የኔው ከኋላህ ነው። ኋላ ወጣህ። ያመመህ መስሎኝ ደነገጥኩ። የልጅ ልጄ ሳቀብኝ፤ ‘ሥራው እኮ ነው’ አለኝ። ‘መቼ ተመለሰለት?’ አልኩት። ይህንን አያውቀውም።”

ተናድጄ ነበር፤ ሳልደብቅ ልናገር፣ በሽማግሌው ተናድጄ ነበር። እኔ ስንት ዓመት የጠበቅሁት ልጃቸውን ነው። እሱ በሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ “በልቻለሁ” እንዲለኝ ነው የፈለግሁት። እሳቸውን ማን ጠራቸው? ግን ወንፈል ሊመልስ ማጭድ ይዞ የመጣን ሰው ሂድ አይባልም። ሂድ ያልከው እንደሆነ ነውሩ ያንተ ቤት ይገባል።

ማሳው ጫፍ ላይ ተርታ ስንይዝ ሽማግሌው ከፊቴ ገቡ። “ምን ነበር የሠራህለት? መምራት አይደለም ወይ?” አሉኝ። “እንግዲያ እኔ እመራለሁ። አንተ ከኋላዬ ና።”

መሩኝ። ገብሱን በግራ እጃቸው ይጨብጣሉ፣ በቀኝ ይቆርጣሉ፣ ያስቀምጣሉ፤ ጥቂት እልፍ ይሉና ወገባቸውን ይዘው ቀና ይላሉ። እኔ በጉልበቴ ብሄድ ወዲያው አልፋቸው ነበር። ጎረቤቶቼ በየተርታቸው ርቀው ሄዱ፣ የነዶ ማሰሪያ እያቀበሉ መሣቅም ጀመሩ። እኔ ግን የተሰነጠቀ ተረከዛቸውንና ላብ ያራሰውን ጋቢያቸውን እያየሁ፣ ከኋላቸው፣ ርምጃዬን እየቆጠብኩ ተከተልኩ። ከወደ አሸተን የሚወርደው ነፋስ ፊት ለፊት ይመታቸዋል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ኃይሉ ተሰብሯል። “አባባ፣ ይበቃል፣ ይረፉ” አልኳቸው እርከኑ መሐል ላይ። ሌላ ጭብጥ ቆረጡ። አሯሯጭ መሐል ላይ ይወጣል፤ ደንቡ ነው። እሳቸው ግን አልወጡም። እርከኑ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ እስኪደርሱ ድረስ ሄዱ፤ የመጨረሻዋን ጭብጥ ገብስ ቆርጠው ነዶው ላይ አኖሩና ተቀመጡ።

ጾም ስለነበር ውኃ እንኳ አልጠጡም። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠብቀን ቆምን። ከዚያ ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ አይተው፣ ወደ እኔ ዞረው፣ “ተመለሰ?” አሉኝ።

አንድ ተርታ ገብስ ነው። በዚያ በኩል ያለው የእኔ ዕድሜ ነው፤ ያልሮጥኩት ሩጫ፣ ያልጨረስኩት ሰዓት፣ ያ በጎኔ ያለፈኝ ትከሻ ነው። በምን ሚዛን ነው እኩል የሚሆነው? ሰዎቹ ማጭዳቸውን ይዘው መልሴን ይጠብቃሉ። ሽማግሌው ማጭዱ የላጠውን መዳፋቸውን እንዳላየው በጋቢያቸው ሸፈኑት።

“ተመለሰ፣ አባባ።”

“በሰው ፊት ነው ያልከው።”

“በሰው ፊት ነው።”

እስከ መኪናው መንገድ ሸኘኋቸው። እንደተለመደው ቀድሜ ልሄድ ብዬ ነበር፣ ትቼ አስቀደምኳቸው፤ ከኋላ ሄድኩ። “ልጅዎ ያውቃል?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“አያውቅም። ቢያውቅም ይስቃል” አሉ። ጥቂት ሄደው ቆሙ። “እሱ ሲሞት የሚቀብረው አያጣም፤ ሰው ያውቀዋል። እኔን የሚቀብረኝ ይኼው አገር ነው። ወንፈል የበላ ቤት ሬሳ ሲወጣበት ማን ይሸከማል?” መኪናው መጣ። ማጭዱን በጆንያው መልሰው ጠቅልለው ገቡ። እጃቸውን ልስም ብዬ ነበር፤ በሩ ተዘጋ።

ባለቤቴ የሆነውን ስነግራት፣ “እንግዲህ ተገላገልክ” አለችኝ። ተገላገልኩ! ሰው ንብረቱን ሲወስዱበት ተገላገልክ ይባላል? ለስንት ዓመት የእኔ ብዬ የያዝኩት ነገር ያ ቂም ብቻ ነበር። ሜዳሊያ የለኝ፣ ሰዓት የለኝ፣ ፎቶ የለኝ። ልጅየው ሩጫዬን ወሰደ፤ አባትየው ደግሞ መጥተው፣ በደግነታቸው፣ የቀረኝን አጭደው ሄዱ።

ጥር ላይ አንድ እንግዳ ልቀበል ጋሸና ወረድኩ። ምግብ ቤቱ እንደወትሮው ሞልቷል፤ ያ ዝግጅት እንደገና እየታየ ነው፤ የጓደኛዬ ሩጫ ላይ ደርሷል። አሯሯጩ ከፊት አለ፤ ቀይ ማሊያ የለበሰ፣ የማላውቀው ሰው። አንድ አዲስ ሹፌር ወደ እኔ ዞረና፣ “ይኼ ያገርህ ልጅ አይደለም እንዴ? አብራችሁ ሮጣችኋል አሉኝ። ታውቀዋለህ?” አለ። የቆዩት ሹፌሮች ተጠቃቀሱ፤ አንዱ ወንበሩን አስጠጋ፣ አንዱ “በል ጀምር” አለኝ። ታሪኩን ከእኔ በላይ ያውቁታል። አፌን ከፈትኩ። ቀዩ ማሊያ ወደ ሣሩ ወጣ።

“አባቱን ነው የማውቃቸው” አልኩ፤ እንግዳዬ እስኪመጣም ድረስ ሌላ አልተናገርኩም።